ዘይት ስለ በዛበት ሞተር

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚያውቁ ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ሰው የሚጠቅም ነገር ሁሉ ሲጨመርበት ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለዋል። ነገር ግን ለሁሉ ልክ አለው። ዝናም ለአዝመራ ሕይወት ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን እህሉን ያበሰብሰዋል። ጨው ወጡን ያጣፍጠዋል፤ ሲበዛ ግን ወጡ አይበላም። አባቶችም ይህን አይተው «ማር ሲበዛ ይመራል» ብለዋል።

የሞተር ዘይትም እንዲሁ ነው። ዘይት ያለቀበት ሞተር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተቃጥሎ እንደሚቀር ብዙ ሰው ያውቃል፤ ዘይት የበዛበትም ሞተር እንደሚጐዳ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ከሚያንስ ይብዛ» እያለ ያለ መለኪያ ይጨምራል። ኋላም ሞተሩ ሲጨስና ሲቆም ምክንያቱ ይጠፋበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ጥፋት የሌለበት ሰው ይወቀሳል። ይህ ትምህርት የዘይት መብዛት ከምን እንደሚመጣ፥ ምን ጕዳት እንደሚያደርስና በምን መላ እንደሚስተካከል ያስረዳል።

1ኛ. ለምሳሌ የሚሆን ነገር

ለትምህርቱ ምሳሌ እንዲሆን በወንዝ ዳር የቆመ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ይታሰብ። ይህ ትምህርት ቤት ሽንኩርትና ጎመን የሚበቅልበት የአትክልት ቦታ አለው። ውሃውን ከወንዝ የሚስበው ትንሽ የቤንዚን ሞተር የተገዛው የአገሩ ሰው ባዋጣው ገንዘብ ነው፤ ከአትክልቱ ሽያጭ የሚገኘውም ገንዘብ ወላጆቻቸው ለተቸገሩ ልጆች ደብተርና እርሳስ ይገዛበታል። ሞተሩንም እንዲጠብቅና ዘይቱን እንዲጨምር የታዘዘው አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው።

በየካቲት ወር፥ ፀሓይ በበረታበትና ችግኙ ውሃ በሚሻበት ጊዜ፥ ሞተሩ ወፍራም ጢስ እየተፋ ቆመ። መምህሩ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ ቢያይ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት እጅግ አልፎ ተገኘ። ተማሪውም ሲጠየቅ «የኔታ፥ የጨመርኩት በታዘዝኩት ልክ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም» ብሎ መለሰ። ያመነው ግን አልነበረም። ከሽማግሎቹም አንዱ «መምህር፥ ዘይት እንደ ምንጭ አይፈልቅ፤ እሱ ካልጨመረው ማን ጨመረው?» አሉ። ልጁም ከሥራው ተነሥቶ እያዘነ ወደ ቤቱ ሄደ።

የሽማግሌው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ከልጁ ሳይሆን ከሞተሩ የሚገኝ ነበር። እርሱንም ለማግኘት አስቀድሞ የሞተሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

2ኛ. የዚህ ሞተር ትውልድ

ሙቀትን ወደ ኀይል የሚለውጠው፥ በአራት ምት የሚሠራው ሞተር፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኒኮላውስ ኦቶ እጅ ተሠርቶ ተፈተነ። ከዚያም እየተሻሻለና እያነሰ ሄዶ ሰው ብቻውን ሊያነሣው የሚችል ሆነ።

ትንንሾቹ ሞተሮች ከተለመዱበት ሥራ አንዱ ሣር መቁረጥ ነው። በእንግሊዝ አገር ኤድዊን ቡዲንግ የሚባል ሰው በ1830 ዓ.ም. በእጅ የሚገፋ የሣር መቁረጫ መኪና ፈለሰፈ፤ ሐሳቡንም ያገኘው በጨርቅ ፋብሪካ የሱፉን ጨርቅ ፀጕር ከሚላጭ መኪና ነው። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ በኢፕስዊች ከተማ የነበረው የራንሰምስ ፋብሪካ በቤንዚን ሞተር የሚሠራ የሣር መቁረጫ ለገበያ አወጣ።

በኢትዮጵያ ገጠር ሣር የሚታጨደው በማጭድ ነው፤ የሣር መቁረጫ ሞተር የሚታየው በከተማ፥ በመናፈሻና በኳስ ሜዳ ነው። ነገር ግን ሣሩን የሚቆርጠው ዓይነት ትንሽ ሞተር በሌላ መልክ ውሃ ይስባል። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያና በመቂ፥ እንዲሁም በፎገራ በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር ሽንኩርትና ሌላ አትክልት የሚያለማው ገበሬ በትንንሽ ሞተሮች ውሃ እየሳበ ማሳውን ያጠጣል። ስለዚህ ለአንዱ የሚሆነው ትምህርት፥ ጥቂት ልዩነት ቢኖረውም፥ ለሌላው ይሆናል።

3ኛ. ዘይት በሞተር ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ሞተሩ ሲሊንደር የሚባል ክብ ቤት አለው። በዚህም ቤት ውስጥ ፒስተን ይወጣል፥ ይወርዳል። ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ይገባሉ፤ ፒስተኑም ወደ ላይ ወጥቶ ያምቃቸዋል፤ ካንዴላው እሳት ይረጭባቸዋል፤ ነደውም ፒስተኑን ወደ ታች ይገፉታል። ፒስተኑም በክንድ ከዋናው ዘንግ ጋራ ስለ ተያያዘ ዘንጉን ያዞረዋል። እንዲህ ያለው ትንሽ ሞተር በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ ዋናው ዘንግ በአንድ ደቂቃ 3600 ጊዜ ያህል ሊዞር ይችላል፤ ይህም በአንድ ሰከንድ 60 ጊዜ ማለት ነው።

ብረት በብረት ላይ እንዲህ ሲፋተግ በመካከሉ ዘይት ከሌለ ይግላል፥ ይፋቃል፥ በመጨረሻም ተጣብቆ ይቀራል። ዘይቱ የሚቀመጠው ከፒስተኑ በታች ባለው ጕድጓዳ ቤት ነው። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ዘይቱን የሚገፋ ፓምፕ የለም። ዘንጉ የተጋደመ እንደ ሆነ ከክንዱ ሥር የተሠራች ትንሽ ማንኪያ መሰል ብረት ዘይቱን ጫፉን ብቻ እየነካች ትረጨዋለች፤ እንደ ሣር መቁረጫው ዘንጉ የቆመ እንደ ሆነ ደግሞ የምትሽከረከር መዘውር ትረጨዋለች። የተረጨውም ዘይት እንደ ጉም ሆኖ ብረቱን ሁሉ ያለሰልሳል፥ ያቀዘቅዛልም።

ከዚህ የሚገኘው ነገር ይህ ነው፤ የዘይቱ ከፍታ የተወሰነው በዘፈቀደ አይደለም። ዘይቱ ዝቅ ካለ መርጫዋ አትደርስበትም፤ ከፍ ካለ ደግሞ ትሰጥማለች። ውሃ በሚስቡት ትንንሽ ሞተሮች ብዙ ጊዜ የሚበቃው ዘይት ግማሽ ሊትር ወይም 0.6 ሊትር ያህል ነው። ይህም ከሁለት የውሃ ብርጭቆ እምብዛም አይበልጥም። አንድ ሊትር ዘይት የያዘውን ጣሳ በሙሉ የሚገለብጥ ሰው ልኩን እጥፍ ሊያደርገው ጥቂት ይቀረዋል።

4ኛ. ዘይት ሲበዛ የሚደርሰው ጕዳት

አንደኛ፥ ዘንጉና ክንዱ በዘይቱ ውስጥ እየሰጠሙ ይመቱታል። ቅቤ ለማውጣት የሚናጥ ወተት አረፋ እንደሚሆን ዘይቱም አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ አብዛኛው አየር ነው፤ አየርም ብረትን አያለሰልስም። ስለዚህ ሞተሩ ዘይት ሞልቶት ሳለ ዘይት እንደ ጐደለው ይጐዳል።

ሁለተኛ፥ ሞተሩ የታፈነውን አየር የሚያስወጣበት መተንፈሻ አለው። ዘይቱ ሲበዛ በዚህ መተንፈሻ አልፎ ወደ አየር ማጣሪያውና ወደ ካርቡራተሩ ይሄዳል። ማጣሪያውም በዘይት ርሶ አየር አላሳልፍ ይላል።

ሦስተኛ፥ ዘይቱ በፒስተኑ ፋሻ አልፎ እሳቱ ወዳለበት ቤት ይወጣል። በዚያም ሲነድ ነጭ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ወፍራም ጢስ ይሆናል። ካንዴላውም በዘይት ተለብጦ እሳት አልረጭ ይላል። በዋናው ዘንግ ዳርና ዳር ያሉት የጎማ ቀለበቶችም ግፊቱ ሲበዛባቸው ዘይት ማንጠብጠብ ይጀምራሉ።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፥ ዘይቱ ከፒስተኑ በላይ ያለውን ቤት የሞላው እንደ ሆነ ነው። አየር ይታመቃል፤ ፈሳሽ ግን አይታመቅም። በዚያን ጊዜ የማስነሻው ገመድ ቢሳብ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ይህን አይቶ ጕልበተኛ ሰው ጠርቶ ማስጐተት ክንዱን ያጣምማል፤ በጥቂት ብልሃት የሚድነውንም ሞተር ለዘለዓለም ያጠፋዋል። ገመዱ እምቢ ሲል ማቆም እንጂ መታገል አይገባም።

5ኛ. ዘይቱን ለማስተካከል የሚደረገው ሥራ

ሥራው አስቸጋሪ አይደለም፤ ነገር ግን በተራ መሠራት አለበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው የሚቸኩል ሰው ሁለተኛ ጥፋት ይጨምራል።

ሀ. ሞተሩ ይቁም፥ ይብረድም። የጋለ ዘይት ቆዳን ያቃጥላል። ከዚያም የካንዴላው ሽቦ ተነቅሎ ራቅ ይደረግ። የሣር መቁረጫ እንደ ሆነ ይህ ሳይደረግ ማንም እጁን ወደ ምላጩ አያስገባ፤ ምላጩ በእጅ ሲዞር ሞተሩ ሊነሣ ይችላልና። በአጠገቡ እሳትም ሆነ ሲጃራ አይኑር።

ለ. ሞተሩ በደልዳላ ቦታ ይቀመጥ። በተዳፋት ላይ የቆመ ሞተር ሐሰተኛ ልክ ያሳያል፤ ብዙ ጊዜም ዘይት የሚበዛው ሞተሩ በወንዙ ዳር አዘንብሎ እንደ ቆመ ስለሚሞላ ነው።

ሐ. የመለኪያው ዘንግ ይውጣ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ ተመልሶ ይግባ፤ እንደ ገና ወጥቶ ይታይ። መለኪያው ሲገባ በአንዳንዱ ሞተር ተጠምዝዞ መጥበቅ አለበት፤ በሌላው ሳይጠመዘዝ ይለካል። ይህም ከሞተሩ ጋራ በሚመጣው መጽሐፍ ተጽፏል። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሆኖ ከላይኛው ምልክት ማለፍ የለበትም።

መ. ዘይቱ ይሽተት። የቤንዚን ሽታ የሌለው እንደ ሆነ ትርፉን ብቻ ማውጣት ይበቃል። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ስለርሱ በ6ኛው ክፍል ተነግሯል።

ሠ. ትርፉ ዘይት ይውጣ። ከሥር ያለው የማፍሰሻ ቡሎን ጥቂት ተላልቶ ዘይቱ ወደ ሳፋ ይንጠብጠብ፤ ወይም በትልቅ ሲሪንጅ ጫፍ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ተሰክቶ በመሙያው አፍ ይሳብ። በአፍ መሳብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ዘይት ወደ ሳንባ ቢገባ ብርቱ በሽታ ያመጣል። በጥቂት በጥቂቱ እያወጡ ደጋግሞ መለካት ይገባል።

ረ. ገመዱ የጠነከረ ወይም ሞተሩ በብዙ የጨሰ እንደ ሆነ ካንዴላው ተፈትቶ ይውጣ። በቀዳዳው ላይ ጨርቅ ይደረግና ገመዱ በዝግታ ብዙ ጊዜ ይሳብ፤ የተጠራቀመው ዘይት በቀዳዳው ይወጣል። ማንም ፊቱን ወደ ቀዳዳው አያቅርብ። ዘይት መውጣቱ ሲያቆም ካንዴላው ተጠርጎና ደርቆ ይመለስ፤ እጅግ የተበላሸ እንደ ሆነ በአዲስ ይለወጥ።

ሰ. የአየር ማጣሪያው ይታይ። ከስፖንጅ የተሠራ እንደ ሆነ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ተቀብቶም ይጨመቅ። ከወረቀት የተሠራ እንደ ሆነ ግን አይታጠብም፤ በዘይት ከራሰ ይለወጣል።

ሸ. ሁሉም ወደ ቦታው ከተመለሰና ዘይቱ እንደ ገና ከተለካ በኋላ ሞተሩ በሜዳ ይነሣ። በዝግ ቤት ውስጥ ማስነሣት አይገባም፤ ጢሱ ሰው ይገድላልና። በመጀመሪያው ጊዜ ይጨስ ይሆናል፤ ይህ በማርሚታው ውስጥ የቀረው ዘይት ሲነድ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጢሱ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጢሱ ባይቀንስ ግን ሞተሩ ይቁም፤ ሌላ ምክንያት አለና ይመርመር።

6ኛ. ዘይት ሳይጨመር የሚበዛበት ምክንያት

ከላይ የተነገረው መምህርም እንዲህ አደረገ። ነገር ግን አንዱን ነገር ዘለለ፤ ዘይቱን አላሸተተም። ትርፉን አውጥቶ ልኩን አስተካከለ፤ ካንዴላውንም ጠረገ፤ ሞተሩም ተነሥቶ ጥቂት ጨሰና ጠራ። ማታም ወደ ዕቃ ቤት አስገብቶ በሩን ቈለፈ፤ ቍልፉንም በኪሱ ያዘ። በአራተኛው ቀን ከመነሣቱ በፊት ቢለካው ዘይቱ እንደ ገና ከላይኛው ምልክት አልፎ ተገኘ። በነዚያ ቀናት ወደ ዕቃ ቤቱ የገባ ሰው አልነበረም፤ ልጁም ከሥራው ከተነሣ ሳምንት ሊሞላው ነበር።

መምህሩ በዚያን ጊዜ መለኪያውን ወደ አፍንጫው አቀረበ፤ ዘይቱም ቤንዚን ቤንዚን ሸተተው። በጣቶቹም መካከል ቢያሸው እንደ ውሃ ቀጥኗል። ዘይቱን ያበዛው ዘይት ሳይሆን ቤንዚን ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል? በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የቤንዚኑ ጋን ከካርቡራተሩ በላይ ይቀመጣል፤ ቤንዚኑም በራሱ ክብደት ይወርዳል። በካርቡራተሩ ውስጥ አንዲት ተንሳፋፊ አለች። ቤንዚኑ ልኩን ሲሞላ ትነሣና በጫፏ ያለችውን መርፌ መሰል ብረት ወደ ቀዳዳው ገፍታ መንገዱን ትዘጋለች። ከመርፌዋ ሥር ጥቂት አሸዋ ወይም ዝገት ከገባ፥ ወይም ጫፏ ካረጀ፥ ቀዳዳው በደንብ አይዘጋም። የጋኑም ቧንቧ ማታ ሳይዘጋ ካደረ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሁሉ እየተንጠባጠበ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ በፒስተኑ ፋሻ በኩልም ወርዶ ከዘይቱ ጋራ ይቀላቀላል። ጧት ዘይቱ በዝቶ ይገኛል፤ እጅ ግን አልነካውም።

ይህ ከንጹሕ ዘይት መብዛት የከፋ ነው። ቤንዚን ዘይትን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነ ዘይትም ብረትን ከብረት አይለይም። እንዲህ ያለውን ዘይት ትርፉን ብቻ አውጥቶ መተው ሞተሩን በተበላሸ ዘይት ማሠራት ነው። ስለዚህ መምህሩ በመጀመሪያው ቀን የሠራው ሥራ ግማሽ ሥራ ነበር።

መድኀኒቱም ይህ ነው። በመጀመሪያ የጋኑ ቧንቧ ይዘጋ። ካርቡራተሩ ተፈትቶ ይጽዳ፤ መርፌዋም ያረጀች እንደ ሆነ ትለወጥ። ይህን የማያውቅ ሰው ለሚያውቅ መካኒክ ይስጥ። ከዚያም ዘይቱ በሙሉ ፈስሶ አዲስ ዘይት በልኩ ይግባ። መርፌዋ ሳትጠገን ዘይት መለወጥ ግን ገንዘብ ማጥፋት ብቻ ነው፤ «ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» ይባላልና። በመጨረሻም ሞተሩ አንድ ሌሊት አድሮ ጧት ይለካ። ልኩ ካልተለወጠ ጥገናው እውነተኛ ነው።

በትምህርት ቤቱም እንዲሁ ሆነ። ካርቡራተሩ ሲፈታ ከመርፌዋ ሥር የወንዝ አሸዋ ተገኘ። መምህሩም ሽማግሎቹንና ተማሪውን ጠርቶ የቀጠነውን ዘይት በአንድ ብርጭቆ፥ አዲሱን ዘይት በሌላ ብርጭቆ አድርጎ አሳያቸው፤ አሸተታቸውም። «አባቶቼ፥ ዘይቱን የጨመረው ልጁ አይደለም። እኔም በመጀመሪያው ቀን ባሸተው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር» አለ። አስቀድመው የጠየቁት ሽማግሌም ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው «ልጄ፥ ሳንመረምር ፈረድንብህ፤ ይቅር በለን» አሉት። ልጁም ወደ ሥራው ተመለሰ።

7ኛ. ሞተሩን ለሚጠብቁ የሚሆን ምክር

ዘይት ከመጨመር በፊት ሁልጊዜ መለካት ይገባል፤ በጣሳ ከመገልበጥም በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ መለካት ይሻላል። ማታ ሥራው ሲያልቅ የቤንዚኑ ቧንቧ ይዘጋ። የሣር መቁረጫ ምላጩን ለማጽዳት ሲጋደም የአየር ማጣሪያውና ካርቡራተሩ ወደ ላይ ይሁኑ፤ ወደ ታች ከሆኑ ዘይቱ በልኩ ሳለም እንኳ ወደ ማጣሪያው ይፈስና ዘይት የበዛበት መስሎ ያጨሳል። ዘይቱ የሚለወጥበት ጊዜ በየሞተሩ መጽሐፍ ተጽፏል፤ በብዙዎቹ ከ50 እስከ 100 የሥራ ሰዓት ነው። ጨርሶ ሳያፈስሱ አዲስ ዘይት በአሮጌው ላይ መጨመር ለመብዛት አንዱ ምክንያት ነው።

ከሞተሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ። በርሱም ላይ ቀኑ፥ የተለካው ልክ፥ የተጨመረው መጠንና የጨመረው ሰው ስም ይጻፍ። ከላይ በተነገረው ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ልጁ ምስክር ባላጣም ነበር።

የወጣው አሮጌ ዘይት በወንዝ፥ በጕድጓድ ውሃ አጠገብ ወይም በማሳ ላይ አይፈስስ። ጥቂቱ ብዙ ውሃ ያበላሻል፤ ለቆዳም መርዝ ነው። በሚከደን ዕቃ ተጠራቅሞ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ አሮጌ ዘይት ለሚቀበልም ጋራዥ ይሰጥ። እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ስለ ናፍታ ሞተርም፥ ይልቁንም ስለ እህል ወፍጮ ሞተር፥ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ዘይት የበዛበት የናፍታ ሞተር የራሱን ዘይት በአየር መግቢያው ስቦ እንደ ነዳጅ ሊያነድደው ይችላል። በዚያን ጊዜ ናፍታው ቢዘጋም ሞተሩ አይቆምም፤ ፍጥነቱም እየጨመረ ሄዶ እስኪሰበር ይደርሳል። ሰው ሁሉ ይራቅ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መቅረብ የሚችል እንደ ሆነ ብቻ የአየር መግቢያውን በጠንካራ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይድፈነው፤ በእጁ ግን ከቶ አይሞክር። ስለዚህ በወፍጮ ቤት የዘይቱን ልክ መጠበቅ ሞተርን ብቻ ሳይሆን ሰውንም መጠበቅ ነው።

ደግሞም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋራ ተቀላቅሎ የሚሞላባቸው በሁለት ምት የሚሠሩ ሞተሮች አሉ። እነዚህ የዘይት ቤትና መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ ስለዚህ ይህ ትምህርት ስለነርሱ አይናገርም።

መደምደሚያ

መምህሩ ይህን ትምህርት ሲያስተምር ተማሪዎቹን ወደ ሞተሩ አቅርቦ መለኪያውን በየተራ እንዲመዙ፥ እንዲጠርጉና እንዲያነብቡ ያድርግ። በዐይኑ አይቶ በእጁ የለካ ልጅ ቃሉን ብቻ ከሰማው ይልቅ ያስታውሳል። ሽማግሎችም ስለ ጋራ ዕቃ ጥፋት ሲሰሙ አስቀድመው «ተለክቷል ወይ? ተመርምሯል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የተበላሸ ሞተር በመለዋወጫ ይጠገናል፤ ሳይመረመር የተፈረደበት ልጅ ልብ ግን መለዋወጫ የለውም።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. ዘይት የበዛበት ሞተር ዘይት እንደ ጐደለው ሞተር የሚጐዳው ስለ ምንድር ነው?

2. የማስነሻው ገመድ እምቢ ሲል በጕልበት መሳብ የማይገባው ለምንድር ነው?

3. በአንድ ደቂቃ 3600 ጊዜ የሚዞር ዘንግ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ ይዞራል? ቤንዚኑ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ የሚነድ ከሆነስ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ ይነዳል?

4. ለአንድ ሞተር የሚበቃው ዘይት 0.6 ሊትር ነው፤ በውስጡ የተገኘው ግን 0.85 ሊትር ነው። ትርፉ ስንት ነው? 50 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ሲሪንጅ ስንት ጊዜ መሳብ ያስፈልጋል?

5. ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ሲሸት ትርፉን ብቻ ማውጣት የማይበቃው ለምንድር ነው?

6. መምህሩ የልጁን እውነት ያወቀው በምን ምልክት ነው?